አማቴን ይዘን በግራንድ ካንየን የአርቪ ካምፕ

በአርቪ፣ ማለትም አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ ባለው መኪና፣ በአሜሪካ አሪዞና ወዳለው ግዙፍ ሸለቆ፣ ወደ ግራንድ ካንየን ብሔራዊ ፓርክ ለመሄድ ካሰባችሁ ማደሪያችሁን ከፓርኩ ውጭ ሳይሆን ውስጥ ያዙ። አዛውንትና ልጆች አብረዋችሁ ካሉ ደግሞ ይህን ምክር አጥብቄ እሰጣለሁ። እኛ ያረፍነው በሸለቆው ደቡባዊ ጠርዝ፣ በፓርኩ መንደር ውስጥ በሚገኘው ትሬለር ቪሌጅ በሚባል የአርቪ ካምፕ ነው። ካምፑ የተንጣለለ ወይም ያጌጠ አይደለም። ነገር ግን ያንን ግዙፍ መኪና አንዴ አቁመን፣ ለመውጣት እስክንነሳ ድረስ ሞተሩን ሳናስነሳ ሁሉንም አየን። ሰባ ዓመት ያለፋቸውና ጉልበታቸውን የሚያማቸው አማቴ አብረውን ስለነበሩ ከዚህ የሚበልጥ ምቾት አልፈለግሁም።

ቦታዎቹ አስፋልት የለበሱ ሲሆኑ በአንድ በኩል ተገብቶ በሌላው ይወጣባቸዋል። እስከ 50 ጫማ፣ ማለትም 15 ሜትር ያህል የሚረዝም ተሽከርካሪ ይይዛሉ። ይህን የሚያህል መኪና ወደ ኋላ እየነዱ ማስገባት ለለመደውም ሰው ጭንቅ ነውና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የ30 እና የ50 አምፔር ኤሌክትሪክ፣ የውሃ መስመርና የፍሳሽ መቀበያ እዚያው አለ። አጠገቡ ያለው ማዘር ካምፕ ዛፉ የበዛ ቢሆንም እነዚህ መስመሮች የሉትም፤ ከ30 ጫማ የሚረዝም መኪናም አያስገባም። እኛ የሄድነው በግንቦት ነው። ሥፍራው ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ቀን በሸሚዝ ተሂዶ ሌሊት ብርድ ልብስ ይደረባል። ያለ ጄነሬተር ጩኸት ማሞቂያ አብርተው መተኛታቸውን አማቴ ጠዋት ጠዋት ያመሰግኑ ነበር። በአንጻሩ መኪኖቹ ተደርድረው ስለሚቆሙ መስኮት ከመስኮት ይተያያል፤ ብቸኝነት የሚፈልግ ሰው ማዘርን ይምረጥ። የገላ መታጠቢያና የልብስ ማጠቢያም በካምፑ ውስጥ ሳይሆን ማዘር አጠገብ ባለው ሕንፃ ነው።

መኪናውን ያከራየን ድርጅት ግን አሳዝኖናል። የሰጠን የፍሳሽ ቱቦ ከማያያዣው ላይ ያንጠባጥብ ነበር፤ ስንደውልም የሚያነሳ አልነበረም። ከጎናችን ያረፉ አንድ ሽማግሌ ከሣጥናቸው የጎማ ቀለበት አውጥተው በደቂቃ አስተካከሉልን። መኪና ስትረከቡ ቱቦውን አስዘርግታችሁ ካላያችሁ አትፈርሙ፤ ወፍራም ጓንትም ያዙ።

ስለ ውሃ ደግሞ ይህን እወቁ። የደቡቡ ጠርዝ ውሃ የሚመጣው ከማዶ፣ ሮሪንግ ስፕሪንግስ ከሚባል ምንጭ ተነስቶ ሸለቆውን በሚያቋርጥ ቧንቧ ነው። ቧንቧው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተዘረጋ ስለሆነ በየጊዜው ይፈነዳል፤ በዚያን ጊዜም ፓርኩ በውሃ አጠቃቀም ላይ ገደብ ይጥላል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት የፓርኩን ማስታወቂያ አንብቡ፤ የመኪናውንም የውሃ ጋን ሞልታችሁ ግቡ። ነዳጅም እንዲሁ ከፓርኩ በፊት ባሉት ከተሞች፣ ፍላግስታፍ ወይም ዊሊያምስ ላይ ይሞላ፤ በመንደሩ ውስጥ ማደያ የለም።

የፓርኩን ነጻ አውቶቡሶች ባወድስ ባወድስ አይሰለቸኝም። ሰማያዊው መስመር ካምፑ ደጃፍ ድረስ መጥቶ ይወስዳል፤ ብርቱካናማው ወደ ያቫፓይ የጂኦሎጂ ሙዚየምና ወደ ምሥራቅ ይዘልቃል። ቀዩ መስመር ደግሞ የግል መኪና በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከመጋቢት (ማርች) መጀመሪያ እስከ ኅዳር (ኖቬምበር) መጨረሻ በማይገባበት በኸርሚት መንገድ ይሄዳል። አውቶቡሶቹ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስገባ መወጣጫ አላቸው። ከፓርኩ ውጭ ያደሩ ሰዎች መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሲዞሩ፣ እኛ ሽሯችንን በልተን ፌርማታው ላይ እንቆም ነበር።

አማቴ ያደጉት ደጀን ነው፤ የዓባይን በረሃ በእግርም በመኪናም ተሻግረውታል። ስለዚህ ገደል ያስደንቃቸዋል ብዬ አልጠበቅሁም። ጠርዙ ላይ ቆመው ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ወንዙ የታለ? ይህን ሁሉ ቆፍሮ የት ገባ?» አሉ። «ታች ነው እማዬ፤ ከሆፒ ፖይንት ይታይዎታል» አልኳቸው፤ ሆፒ ፖይንት በኸርሚት መንገድ ላይ ያለ መመልከቻ ነው። በቀዩ አውቶቡስ ወሰድናቸውና የኮሎራዶን ወንዝ ከ1,300 ሜትር በላይ ከሚሆን ጥልቀት ሥር እንደ ክር ቀጥኖ አዩት። ይህን ሁሉ ለመቆፈር ስንት ዘመን ፈጀ የሚለውን ቀጣይ ጥያቄያቸውን የመለሰላቸው ግን ከሙዚየሙ ወደ መንደሩ የሚወስደው «የጊዜ ጎዳና» ነው።

ይህ ጎዳና ጠርዙን ተከትሎ የተነጠፈ፣ ሜዳማ መንገድ ነው። መሬቱ ላይ የነሐስ ምልክቶች ተተክለዋል፤ አንድ ሜትር ለአንድ ሚሊዮን ዓመት ይቆማል። በየመንገዱ ከሸለቆው የመጡ ድንጋዮች ስለተቀመጡ በእጅ ይዳሰሳሉ። ከዛሬ ተነስታችሁ ስትራመዱ ወንዙ ሸለቆውን መቆፈር የጀመረበት ዘመን አምስት ስድስት ሜትር እንኳን ሳትሄዱ ይመጣል። እግራችሁ ሥር ያለው የጠርዙ ኖራ ድንጋይ፣ በባሕር ወለል የተነጠፈው፣ 270 ሜትር ላይ ነው። ከታች ያለው እጅግ ጥንታዊው ድንጋይ ግን 1,840 ሜትር ያስኬዳል። አማቴ በምርኩዝ፣ በየአግዳሚው እያረፉ፣ ያንን ሁሉ ሄዱት። ልጆቼ በትምህርት ቤት የሸመደዱትን ቁጥር ከአያታቸው ጋር በእግራቸው ሲለኩት ማየት ለእኔ የጉዞው ትልቁ ደስታ ነበር። ስለ ግራንድ ካንየን ስትጠይቁ ሁሉም ስለ ፀሐይ መጥለቂያ ይነግራችኋል፤ እኔ ግን ግማሽ ቀናችሁን ለዚህ ጎዳና ስጡ እላለሁ።

ልጆቹን ይዤ ወደ ሸለቆው በሚወርደው የብራይት ኤንጀል የእግር መንገድ እስከ ሁለተኛው መሿለኪያ ወርጄ ተመልሻለሁ። መውረዱ አያደክምም፤ ሙቀቱ ግን ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ይጨምራል፤ ድካሙም የሚመጣው ስትመለሱ ነው። በአንድ ቀን ወንዙ ደርሶ ለመመለስ አትሞክሩ የሚለውን የፓርኩን ማስጠንቀቂያ በቁም ነገር ውሰዱት። በካምፑ ውስጥ ደግሞ ኤልክ የሚባሉት ትልልቅ አጋዘኖች ማለዳ በመኪኖቹ መካከል ይግጣሉ። ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። ሽኮኮ የሚመስሉትን፣ ስኩዊረል የሚባሉትን ትንንሽ እንስሳትም አትመግቡ፤ ይነክሳሉ።

አንድ የገንዘብ ነገር ልጨምር። ዕድሜያቸው 62 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ የአሜሪካ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች በ80 ዶላር የዕድሜ ልክ የብሔራዊ ፓርኮች መግቢያ ማለፊያ ይገዛሉ፤ ባለ ማለፊያው ካለበት መኪና ላይ አብረው ያሉትም በዚያው ይገባሉ። ቋሚ ነዋሪ የሆኑት አማቴ በዚህ ማለፊያ ቤተሰቡን በሙሉ አስገብተውናል። የካምፑን ቦታ በተመለከተ፣ ለሞቃቶቹ የሰኔ፣ የሐምሌና የነሐሴ ወራት ከብዙ ጊዜ በፊት ካልተያዘ አይገኝም።

ስትወጡ በመጣችሁበት አትመለሱ። 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ነድታችሁ በዴዘርት ቪው በር ውጡ፤ ነጻው አውቶቡስ እዚያ ስለማይደርስ አርቪው አንዴ ከተነሳ የሚሻለው ይህ ነው። አርክቴክቷ ሜሪ ኮልተር የነደፈችውና እ.ኤ.አ. በ1932 የተሠራው የድንጋይ ማማ እዚያ ቆሟል፤ በውስጡ ሆፒ ከሚባለው የአካባቢው ነባር ሕዝብ የተወለደው ሠዓሊ ፍሬድ ካቦቲ ሥዕሎች አሉ። ደረጃ መውጣት የማይችል ሰው ከማማው ግርጌ ሆኖም ወንዙን በደንብ ያያል። አማቴ ከሆፒ ፖይንት ይልቅ ያደነቁት ይህንን ነው።