በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ለምትሠራ ነርስ የቀረበ ምስጋና

እናቴ የጡት ካንሰር ሕክምናዋን በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል በመከታተል ላይ ሳለች በድንገት ታማ አልጋ ይዛ ነበር። በዚያ ጭንቅ ሌሊት ደርሳ ያዳነችልንን የድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነርስ በአደባባይ ለማመስገን፣ ኬሞ (ካንሰርን የሚያጠቃ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው በቤታችሁ ያለ ሁሉ ደግሞ ከወዲሁ እንድታውቁ ስል ይህን እጽፋለሁ። ስሟን እንዳልጠቅስ አጥብቃ ስለጠየቀችኝ ፈቃዷን አከብራለሁ፤ የሥራ ባልደረቦቿ ግን ይህን ሲያነቡ ማን እንደሆነች ወዲያው እንደሚያውቁ እርግጠኛ ነኝ።

እናቴ ኬሞ ከወሰደች ሳምንት ካለፋት በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ብርድ ብርድ ይላት ጀመር፤ ብዙም ሳይቆይ ሰውነቷ ጋለ። ቅርብ ነው ብለን በሄድንበት ክሊኒክ ያገኘነው ባለሙያ፣ ኬሞ ላይ መሆኗን ደጋግመን ብንነግረውም ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። በእኛ አካባቢ ትኩሳት ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ወባ ወይም ታይፎይድ ነውና የወባ ምርመራ አዘዘ፤ ወባ የለም ተባለ፤ «እንግዲያው ታይፎይድ ነው» ብሎ ኪኒን ጻፈና የትኩሳት ማብረጃ መርፌ አስወግቶ ወደ ቤት ላከን። መርፌው ለጥቂት ሰዓት አበረደላት፤ ሲመሽ ግን ትኩሳቱ ብሶ ተመለሰ፤ መቆም አቃታት፤ ንግግሯም ይደበላለቅባት ጀመር።

ሁለተኛው ቦታ ከዚያም የባሰ ነበር። ማስያዣ ካልተከፈለ አልጋ እንደማይሰጥ በር ላይ ነገሩን፤ ገንዘቡን ከዘመድ አሰባስበን ስንመለስ ደግሞ «የካንሰር ታማሚ አንቀበልም፤ ይህን መጀመሪያውኑ ለምን አልተናገራችሁም?» ተባልን። እኛ የተናገርነው ገና ስንደርስ ነበር። እናቴ በዚህ ሁሉ ጊዜ ባጃጅ ውስጥ ጋቢ ተከናንባ ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር። የማንንም እንጀራ ለመዝጋት ስላልተነሣሁ የቦታዎቹን ስም አልጽፍም፤ ነገር ግን ስለ ገንዘብ ከመጠየቃችን በፊት የሰውነቷ ሙቀት እንኳ ቢለካላት ምን ነበረበት? ይህን ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ማዕከሉ ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ መሽቶ ነበር፤ ክፍሉም በታማሚና በአስታማሚ ተጨናንቋል። ነርሷ «ኬሞ» የሚለውን ቃል እንደሰማች የያዘችውን ወረቀት አስቀምጣ ተነሣች። «መጨረሻ የወሰዱት መቼ ነው? ዛሬስ የትኩሳት መድኃኒት ተሰጥቷቸዋል?» አለችን፤ በዚያን ዕለት ይህን የጠየቀን የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። ሙቀቷን ስትለካ ከ39 ዲግሪ አልፏል። ወዲያው ማስክ አድርጋላት ከሚያስለው ሰው መሐል አወጣቻትና ጥግ ላይ ወዳለ አልጋ ወሰደቻት፤ ተረኛውን ሐኪምም ራሷ ሄዳ ጠራችው። ስለ ካርድ ስንጠይቃት «እሱ ይደርሳል፤ መጀመሪያ እሳቸው» አለችን።

በተለይ የማልረሳው እጇን ነው። የእናቴ የደም ሥሮች በሕክምናው ብዛት ደክመው ስለነበር መርፌ ባየች ቁጥር እጇን ትሰበስባለች፤ ቀደም ሲል በሌላ ቦታ ደጋግመው ወግተዋት ክንዷ ጠቁሮ ያውቃል። ይህች ነርስ ግን አልተጣደፈችም። ጨርቅ ለብ ባለ ውኃ ነክራ የእናቴን ክንድ ጠቀለለችው፤ አጠገቧ ጎንበስ ብላ «እናቴ፣ አይዞዎት፤ እስኪሞቅ እንጠብቃለን» እያለች በጣቷ ጫፍ ቀስ ብላ ትፈልግ ጀመር። ከዚያ በአንድ ጊዜ አገኘችው። እናቴ «ወጋሽኝ እንዴ?» ብላ ስትጠይቃት ግሉኮሱ መውረድ ጀምሯል። በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒትም የተጀመረላት የካርዱ ጉዳይ ገና ሳያልቅ ነው።

ሐኪሙ ያስረዳንን ሁሉ ተረድቼዋለሁ አልልም። የገባኝ፣ ኬሞ ካንሰሩን ሲያጠቃ ነጭ የደም ሴሎችንም እንደሚቀንስ፣ ቁጥራቸውም አብዛኛውን ጊዜ ሕክምናው ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ በጣም እንደሚወርድ፣ በዚያን ጊዜ ትኩሳት ከመጣ ኢንፌክሽኑ ሰውነትን በፍጥነት ሊያሸንፍ ስለሚችል አንቲባዮቲኩ ቢቻል በ1 ሰዓት ውስጥ መጀመር እንዳለበት ነው። ያንን ከሰማሁ በኋላ በየበሩ የባከነብንን ጊዜ ሳስብ ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል።

እናቴ ወደ ውስጥ ክፍል ከተዛወረች በኋላም ይህች ነርስ ተረኛ ባልሆነችበት ሰዓት ብቅ እያለች ትጠይቃት ነበር። አንድ ቀን ከሰቃ የመጡ ዘመዶቻችንና የእድራችን ሰዎች እርጎና ማር ይዘው በአንድነት ደረሱ። እንዲህ ያለ ጠያቂን መመለስ በእኛ ዘንድ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ እኔማ አፌ ተሳስሮ ነበር። እሷ ግን ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ለትልልቆቹ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች፤ ለአንዳንዶቹ በአማርኛ፣ ለሌሎቹ በኦሮምኛ ሰውነቷ እስኪጠነክር ድረስ ጉንፋንም ሆነ ያልተፈላ ወተትና እርጎ ሊጎዳት እንደሚችል አስረዳቻቸው። ከዚያም እናቴን ማስክ አድርጋ ወደ መስኮቱ አቀረበቻትና ሁሉም ከግቢው ሆነው በስልክ አነጋገሯት፤ መርቀዋት ሄዱ። ቅር ያለው አንድም ሰው አልነበረም። አክስቴ እስከ ዛሬ «ያቺ ልጅ ደኅና ናት?» እያለች ትጠይቀኛለች።

ከጅማና ከዙሪያዋ ያለ ታማሚ ለካንሰር ሕክምና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ድረስ ይሄድበት የነበረውን ጊዜ ለሚያስታውስ ሰው፣ ሕክምናው እዚሁ ከተማችን መሰጠቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ እንዲህ ያለ ባለሙያ ሲጨመርበት ደግሞ ምን እላለሁ። መድኃኒት ውጭ መግዛት ነበረብን፤ የአልጋ ጥበትም አለ። በዚያ ሁሉ መሐል ግን እናቴን እንደ ሰው ያያት ሰው አግኝተናል።

ስለዚህ ኬሞ የሚወስድ ቤተሰብ ያላችሁ እባካችሁ ቴርሞሜትር ግዙና ቤታችሁ ይኑር። ሙቀቱ 38 ከደረሰ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በትኩሳት ማብረጃም አታዘግዩት። በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱና ከሁሉ አስቀድማችሁ ኬሞ ላይ መሆኑን ተናገሩ፤ መጨረሻ የተወሰደበትን ቀንም በወረቀት ያዙ። ደግሜ እላለሁ፣ አትጠብቁ። ለነርሷ፣ ለተረኛው ሐኪም፣ ሌሊቱን ሙሉ ወለሉን ሲያጸዱ ላደሩት እናትም ምስጋናዬ ከልብ ነው። የማዕከሉ ኃላፊዎችም ይህ ጽሑፍ ከደረሳችሁ የዚያን ሌሊት ተረኞች ጠርታችሁ አመስግኑልን፤ እናቴ ተሽሏት ቀጣዩን ኬሞዋን ወስዳለች።