ጅማ አጂፕ ጋር ያለው የባዮሎጂ ቲቶሪያል፣ ሦስት ወር ተምሬበት ያየሁትን ልንገራችሁ

ክላሳችን ያሉ ልጆች "እዛ አጂፕ ጋር የምትማሪው ቲቶሪያል ብሩን ያወጣል ወይ" እያሉ መቆሚያ መቀመጫ ስላሳጡኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ቦታው ስም የለውም፣ ታፔላም የለው፣ ከአጂፕ ወረድ ብላችሁ ውስጥ ለውስጥ ስትገቡ በሩ ላይ "ባዮሎጂና ኬሚስትሪ እናስጠናለን" የሚል በእጅ የተጻፈ ወረቀት አለ፣ አለ ስል ዝናቡ አጥቦት አሁን "ባዮ" የሚለው ብቻ ነው የቀረው። አስተማሪው ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ መምህር ናቸው፣ ሁላችንም ቲቸር ነው የምንላቸው።

እኔ ቀን ሂርማታ ገበያ ቅመም ሱቅ እየሠራሁ ማታ ነርሲንግ የምማር ሰው ነኝ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ስምንት ዓመት ሆኖኛል፣ ስለዚ ጀነራል ባዮሎጂ ላይ ባዮሎጂካል ሞለኪውልስ የሚለው ምዕራፍ ጋ ስደርስ በቃ ጭንቅላቴ ተዘጋ። ካርቦሃይድሬት፣ ሊፒድ (ቅባት)፣ ፕሮቲን፣ ኑክሊክ አሲድ (ዲኤንኤና አርኤንኤ) ብሎ መሸምደድማ ማንም አያቅተውም፣ ጥያቄው ትንሽ ዞር ብሎ ሲመጣ ነው ጉዱ። ሚድ ላይ ከ30 11 አምጥቼ አንዷ የክላሴ ልጅ ጎትታ ወሰደችኝ።

የመጀመሪያው ቀን ደብተር እንኳን አላስወጡንም። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን ቡላ አስቀመጡ፣ ጎኑ ደሞ የቃጫ ገመድ። "ሁለቱም ከምን መጡ?" አሉ። ከእንሰት። "እሺ ሁለቱም ከምን ተሠሩ?" ዝም። ሁለቱም ከግሉኮስ ነው የተሠሩት አሉን፣ እኔ በውነት የሚቀልዱ ነው የመሰለኝ፣ አንዱን በቅቤ አገንፍተን እንበላለን በሌላው በሬ እናስራለን፣ እንዴት ነው አንድ የሚሆኑት? ከዛ ነው ነገሩ የገባኝ። ቡላው በአብዛኛው ስታርች ነው፣ ግሉኮሶቹ አልፋ በሚባለው አያያዝ ነው የተጋጠሙት፣ ሰንሰለቱ እየተጠማዘዘ ይሄዳል፣ ምራቃችን ውስጥ ያለው አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ገብቶ ይቆራርጠዋል። ቃጫው ደሞ በአብዛኛው ሴሉሎስ ነው፣ አያያዙ ቤታ ነው፣ እያንዳንዱ ግሉኮስ ከጎረቤቱ አንጻር ተገልብጦ ስለሚቀመጥ ሰንሰለቱ ቀጥ ይላል፣ ቀጥ ያሉት ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ተደርድረው በሃይድሮጅን ቦንድ ይተሳሰራሉ፣ ለዛ ነው ገመድ የሚወጣው። እኛ ቤታውን የሚቆርጥ ኢንዛይም የለንም። "ላምስ?" አለ አንዱ ልጅ፣ ላሟም የላትም አሉት፣ ሆዷ ውስጥ ያሉት ተህዋስያን ናቸው የሚሠሩላት። ቀጥለው ለቁስል የሚቀባውን አዮዲን ሁለቱም ላይ ጠብ ጠብ አደረጉ፣ ቡላው ወዲያው ጥቁር ሰማያዊ ሆነ፣ ቃጫው ግን ያው የአዮዲኑን ቡናማ ቀለም እንደያዘ ቀረ። ይሄን ያየ ሰው ፈተና ላይ ስታርችና ሴሉሎስን ያምታታል? አያምታታም።

ሁለተኛው የወደድኩት ነገር ውሃ አጣጣላቸው ነው። ሃንድአውቱ ላይ ዲሃይድሬሽን ሲንተሲስ ይላል፣ እሳቸው "ውሃ እየጣሉ መጋጠም" ነው የሚሉት፣ ሃይድሮሊስስ ደሞ "ውሃ እያስገቡ መለያየት"። የግሉኮስ ፎርሙላ ሲ6ኤች12ኦ6 ነው አይደል፣ ሁለቱን ደምሩ ሲሉን ሲ12ኤች24ኦ12 ብለን ጻፍን፣ እሳቸው ግን ማልቶስ (ሁለት ግሉኮስ የተጋጠሙበት ስኳር) ላይ የጻፉት ሲ12ኤች22ኦ11 ነው። "የጎደለውን ፈልጉ" ብለውን ወጡ፣ ተመልሰው እስኪመጡ ቆጥረን አገኘነው፣ ሁለት ሃይድሮጅን አንድ ኦክስጅን፣ ውሃ ናት። ከዛ በኋላ አስር ግሉኮስ በአንድ መስመር ሲጋጠም ስንት ውሃ ይወጣል ቢሉኝ ዘጠኝ፣ ፕሮቲን የሚሠራባቸው መቶ አሚኖ አሲዶችስ ቢሉኝ ዘጠና ዘጠኝ፣ ቅባት ሲሠራ አንድ ግሊሰሮል ከሦስት ፋቲ አሲድ ጋርስ ቢሉኝ ሦስት። ለስድስት ሳምንት የሸመደድኩት ነገር በአንድ ጠዋት ተፈታ፣ የኮሌጃችን አስተማሪ ስላይዱን አንብቦልን ነው የወጣው (ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል)።

ሊፒድ ላይ የባለቤታቸው ወጥ ቤት ነው የተዘረፈው። እትዬ ቲቸርን ገና ጓዳ ሲገቡ ሲያዩአቸው "ዛሬ ደሞ ምኔን ልትወስድ ነው?" ይሏቸዋል፣ እኛ በሳቅ። ቅቤ፣ የኑግ ዘይትና ያ ሰው ሁሉ የሚያማርረው የሚረጋ ዘይት ቀረበ። ቅቤው ውስጥ በብዛት ያሉት ፋቲ አሲዶች ጅራታቸው ቀጥ ያለ ነው፣ ተጠጋግተው ይደረደራሉ፣ ስለዚ ይረጋሉ። ኑግ ውስጥ ያሉት ደሞ ድርብ ቦንድ ስላላቸው ጅራታቸው ይጎብጣል፣ የጎበጠ እንጨት ጥሩ አድርጋችሁ መከመር እንደማትችሉት ማለት ነው፣ ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ (ድርብ ቦንድ የሌለው) ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እና አንድ ወጥመድ አለ፣ ሊፒድ ከማክሮሞለኪውሎቹ ጋር ይቆጠራል እንጂ እንደሌሎቹ ሞኖመር (ትንሿ አሃድ) እየተደጋገመ የሚሠራ ፖሊመር (ረጅም ሰንሰለት) አይደለም። ይቺ ፋይናል ላይ መጥታ ክላሱን በሙሉ ፈጀችው፣ የሳቸው ተማሪዎች ብቻ ነን የሳቅነው።

ፕሮቲን ላይ እንቁላልና አይብ። እንቁላል ተቀቅሎ ነጭ ሲሆን ሰንሰለቱ አልተበጠሰም፣ አሚኖ አሲዶቹን የሚያያይዘው ፔፕታይድ ቦንድ እንዳለ ነው፣ የተፈታው አተጣጠፉ ነው። አሬራ ተሞቆ አይብ ሲሆንም እንደዛው ነው፣ ኮምጣጣነቱና ሙቀቱ ተጋግዘው ፕሮቲኑን ያረጉታል። ሰንሰለቱን የምትቆርጠው ሆዳችን ውስጥ ያለችው ፔፕሲን የምትባል ኢንዛይም ናት። ግን እኔን ክው ያረገኝ ሲክል ሴል የሚባለው የደም በሽታ ነው። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው የሄሞግሎቢን ቤታ ሰንሰለት 146 አሚኖ አሲድ አለው፣ ከነዛ ውስጥ ስድስተኛዋ ቦታ ላይ ግሉታሚክ አሲድ መሆን ሲገባው ቫሊን ይገባል፣ አንድ ብቻ! ግሉታሚክ አሲድ ውሃ ይወዳል፣ ቫሊን ውሃ ይሸሻል፣ ስለዚ ኦክስጅን ሲቀንስ ሄሞግሎቢኖቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ረጅም ዘንግ ይሠሩና ቀይ የደም ሴሉን ማጭድ ያስመስሉታል። ነርሲንግ የሚማር ሰው ይሄን በስዕል ሲያየው ሌላ ነው ስሜቱ። እንጀራ በሽሮ ለምን እንደሚያስኬድም እዛው ነው የሰማሁት፣ እህሉ ላይሲን የሚባል አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፣ ጥራጥሬው ላይሲን አለው ግን ሜቲዮኒን የሚባለው ሌላ አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፣ አንድ ላይ ሲበሉ ይሟላል። እናቴ ይሄን ስነግራት "ለዚህ ነው ብር የምትከፍዪው?" አለችኝ።

አሁን ወደሚያናድደው ልምጣ። ኑክሊክ አሲድ ላይ ቲቸር ይሮጣሉ። ካርቦሃይድሬትን ሦስት ሳምንት ሙሉ አላምጠውት ዲኤንኤና አርኤንኤ በሁለት ክላስ አለቀ፣ ኬሚስትሪ ሰው ስለሆኑ ይመስለኛል ጂን ምናምን ብዙም አይጥማቸውም። ሃንድአውቱ ላይ ደሞ ዲኤንኤ ውስጥ አዴኒን ከዩራሲል ይጣመራል የሚል ስህተት ነበር፣ አንዷ ልጅ አይታ "ቲቸር ታይሚን አይደል እንዴ?" ስትላቸው ግን አልተቆጡም፣ የሁላችንንም ወረቀት ሰብስበው አንድ በአንድ በእስክሪብቶ አረሙ፣ ይሄ ከብዙ ሰው አይገኝም። ከሙዝ ዲኤንኤ እናወጣለን ብለው ሙዙን በላርጎ (ፈሳሽ ሳሙና) እና በጨው አስፈጭተው አጣሩት፣ ቀዝቃዛ አልኮል ሊደፉበት ሲሉ ግን መብራት ከሌሊት ጀምሮ ጠፍቶ ስለነበር አልኮሉ ለብ ብሏል፣ የወጣችው ክር መሳይ ነጭ ነገር ንፍጥ የምታክል ናት። አንዱ "ቲቸር አረቄ አይሆንም?" ብሎ ስንስቅ እሳቸው በቁም ነገር አረቄ ውሃው ስለሚበዛ አይሆንም ብለው መለሱለት። ብቻ አንድ ነገር አልረሳም፣ ዲኤንኤን መጀመሪያ የለየው ሚሸር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ነው፣ በ1869 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከምን አትሉኝም፣ ከሆስፒታል ከተሰበሰበ መግል የነካው ፋሻ! ዋትሰንና ክሪክ ቅርጹን ያወጡት እኮ በ1953 ነው፣ ያውም የሮዛሊንድ ፍራንክሊንን የኤክስሬይ ፎቶ ተጠቅመው።

ፎቶኮፒው በጣም መጥፎ ነው። አልፋና ቤታ ግሉኮስን የሚለየው አንደኛዋ ካርበን ላይ ያለችው ኦኤች (ኦክስጅንና ሃይድሮጅን) ስዕሉ ላይ ወደ ታች ወይ ወደ ላይ መሆኗ ነው፣ ሃንድአውቱ ላይ እሷው ቦታ ጥቁር ነጠብጣብ ናት። ለዚህ ደሞ 50 ብር ለብቻ ይጠየቃል። ክፍያው በወር 500 ነበር፣ በሦስተኛው ወር 600 ገባ፣ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ለሁለት ሁለት ሰዓት ያህል። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ የጅማ ዝናብ ሲጀምር ትምርቱ ይቆማል፣ እየጮሁ ማስተማር አይወዱም፣ ቁጭ ብለን ዝናብ እናዳምጣለን በከፈልነው ብር።

ግን ዝናቡ ሲይዘን እትዬ ቡና ያፈላሉ፣ ከነቁርሱ። አንዴ ስንጠጣ ቲቸር የካፌይንን ስዕል ሰሌዳው ላይ ሳሉትና ጎኑ አዴኒንን ሳሉ፣ ባለ ሁለት ቀለበቱ አጽም አንድ ነው። አዴኒን ከራይቦስ ስኳር ጋር ሲሆን አዴኖሲን ይባላል፣ ቀኑን ሙሉ አእምሯችን ውስጥ እየተጠራቀመ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኘን እሱ ነው፣ ካፌይኑ ስለሚመስለው ቀድሞ ቦታውን ይይዝበታል። የጅማ ልጅ ሆኜ፣ በቡና አድጌ፣ ይሄን ዘንድሮ ሰማሁ።

ፋይናል ላይ ከ50 38 አመጣሁ። ፈተና ሳምንት ሲቀረው ሄዶ ጥያቄና መልስ ሸምድዶ መውጣት ለሚፈልግ ሰው ግን አይሆንም፣ ወርክሺት አይሰጡም፣ ያለፈ ዓመት ፈተና ስታመጡላቸውም ወደ ጎን ነው የሚያደርጉት። ዲኤንኤ ላይ የደከማችሁ ከሆነም ሌላ ሰው ጨምሩ፣ እኔ ራሴ እሱን ከክላሳችን ልጆች ጋር ነው ያነበብኩት።

ወንበሩ አስራ ሁለት ብቻ ስለሆነ ቀድማችሁ ግቡ፣ የዘገየ ጀሪካን ላይ ነው የሚቀመጠው። ስልካቸውን ስጪን አትበሉኝ አልሰጥም፣ በሩን ማንኳኳት ነው፣ ውሻው ይጮሃል እንጂ የታሰረ ነው። ለፕሮቲኑ ሳምንት ደሞ እንቁላል ይዛችሁ ሂዱ፣ የእትዬ አልቋል።