አሜሪካ ውስጥ ለአደን፦ የሕዝብ መሬት ወይስ የግል መሬት?

ወጪ። ብሔራዊ ደኖችና ቢ ኤል ኤም (የፌደራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ) የሚያስተዳድረው የፌደራል መሬት ላይ ለማደን ብዙውን ጊዜ የመግቢያ ክፍያ የለም። የግል መሬት ባለቤቱ ደግ ከሆነ በነፃ፣ ኪራይ ከሆነ ግን ኪስ ያራግፋል። የስቴቱ የአደን ፈቃድ ሁለቱም ጋ አይቀርም።

መግቢያ። ጣጣው ያለው እዚህ ነው። ካርታ ላይ የሕዝብ የሆነ፣ ዙሪያውን ግን በግል መሬት የተከበበ ቦታ ሞልቷል። ምዕራቡ አካባቢ መሬቱ እንደ ዳማ ሰሌዳ ነው፤ አንዱ ካሬ የመንግሥት፣ ቀጣዩ የግል። ዋዮሚንግ ውስጥ አዳኞች የግሉን አፈር ሳይረግጡ፣ ሁለት የመንግሥት ካሬዎች የሚነካኩበትን ማዕዘን በመሰላል ተሻገሩና ተከሰሱ። በ2025 የ10ኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት (ዋዮሚንግን ጨምሮ የጥቂት ስቴቶችን ይግባኝ የሚያይ የፌደራል ፍርድ ቤት) ለአዳኞቹ ፈረደላቸው። ውሳኔው የሚሠራው ግን በሥሩ ባሉት ስቴቶች ብቻ ስለሆነ ሌላ ቦታ አትሞክሩት። የመሬት ወሰን የሚያሳይ ካርታ ስልካችሁ ላይ ቀድማችሁ አውርዱ፤ ጫካ ውስጥ ኔትወርክ ላይኖር ይችላል። የግሉ መሬት ላይ ፈቃድን በጽሑፍ መያዝ ነው፣ አለቀ።

ስጋት። የሕዝቡ ላይ ግፊያ አለ፣ በተለይ ወቅቱ ሲከፈት። የግሉ ላይ ስጋቱ ወሰን ማለፍ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ዛፍ ላይ የተቀባ ሐምራዊ ቀለም «አትግቡ» ማለት ነው።

ለማን? በእግር ብዙ ለመሄድ የማይሰንፍና ምዕራቡ አካባቢ ያለ ሰው የሕዝቡን ይሞክር። ቴክሳስ ያለ ግን መሬቱ ከ90 በመቶ በላይ የግል ስለሆነ ባለቤት ቢያፈላልግ ይሻለዋል። ሞንታና ውስጥ መሃል መንገድም አለ፤ ብሎክ ማኔጅመንት በሚባለው ፕሮግራም ባለመሬቶች ለአዳኞች በነፃ ይከፍታሉ። አንዳንዱ ቦታ ቀድሞ መመዝገብ ይፈልጋል።