ዱባይ እንግሊዝ ቤት ለምታበስሉ፦ የቱ ኦርጅናሉ ይገዛ፣ የቱ በሌላ ይተካ?

እህቶቼ እንዴት ናችሁ፣ እኔ ዱባይ እንግሊዞች ቤት ማብሰል ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሞላኝ፣ አዲስ የገቡ ልጆች ሁሌ ሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፣ ማዳም የአገሬ ምግብ አማረኝ ስትል ምንድነው ምገዛላት? እኔ ምለው፣ ቦሎቄው፣ ሻዩና ሶሴጁ ላይ ብር አትቆጥቡ፣ ሌላው አብዛኛው በእጅ ይሠራል።

ከቦሎቄው ልጀምር፣ እኔን ያሳፈረኝ እሱ ስለሆነ። በገባሁ በመጀመሪያው ወር ማዳም ቢንስ ገዝተሽ ነይ አለችኝ፣ ሄጄ ቤክድ ቢንስ የሚል ጣሳ አነሳሁ፣ ማታ ሳሞቀው መልኩ ቡናማ፣ ወፍራም፣ ሽታው እንደ ተቃጠለ ስኳር፣ ትንሹ ልጅ አንድ ማንኪያ ቀምሶ ሳህኑን በሁለት እጁ ገፋው። ለካ የአሜሪካ ነው። የአሜሪካኑ በቡናማ ስኳርና በሞላሰስ (ጥቁር ወፍራም የስኳር ዝቃጭ) ነው ሚሠራው፣ ብዙ ጊዜ ደሞ የአሳማ ስብ ወይ ቤከን (በጨው የታሸ ስስ የአሳማ ሥጋ) አለበት ስለዚህ ለራሳችሁም ቢሆን ሳታነቡ አትቅመሱ። የእንግሊዙ ነጭ ቦሎቄ በቲማቲም ሶስ ነው፣ ቀላ ያለ፣ ቀጠን ያለ። እኔ መቂ ስላደኩ ነጭ ቦሎቄ ሲለቀም አይቻለሁ፣ ለኤክስፖርት ተብሎ ነው ሚዘራው እኛ ብዙም አንበላውም ነበር፣ እዚህ መጥቼ ቶስት ላይ ሲደፉት ሳይ ገረመኝ።

ሄይንዝ የሚባለውን ባለ 415 ግራሙን ጣሳ ውሰዱ፣ ጀርባው ላይ እንግሊዝ መሠራቱን እዩ፣ የአስመጪው የአረብኛ ስቲከር ጽሑፉን ከሸፈነው ሌላ ጣሳ አንሱ። የሱፐርማርኬቱ የራሱ ስም ያለበት ይረክሳል፣ ከሥጋ ጋር ለሚቀቀል ይሆናል፣ ቶስት ላይ ለብቻው ለሚቀርብ ግን አይ፣ ወዲያው ያውቁታል። ያው ጣሳ እንግሊዞች ሚያዘወትሯቸው ሱፐርማርኬቶች ዌትሮዝና ስፒኒስ ብቻ ሳይሆን ካርፉርና ሉሉም ስላለ ዋጋ አወዳድሩ። ደሞ የጾም ነው፣ ዓቢይ ጾም ላይ ስንት ቀን አድኖኛል።

ሻይ። እዚህ በየሱቁ ያለው ሊፕተን ቢጫው ነው፣ እንግሊዞች ግን አገራቸው ሚጠጡት ፒጂ ቲፕስ፣ ዮርክሻየር ቲ፣ ቴትሊ ነው። የኔ ማዳም የሊድስ፣ ማለት የዮርክሻየር ልጅ ናት፣ ባሏ የለንደን፣ እሷ ዮርክሻየር ካልሆነ ሻይ አይደለም ትላለች እሱ ፒጂ ይላል፣ በዚህ ነገር ቁርስ ላይ የምር ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። እኔ ሁለቱንም አፍልቼ ጎን ለጎን ቀምሻቸዋለሁ፣ ዮርክሻየሩ ጠንከር ይላል፣ ወተት አብዝቶ ለሚጨምር ሰው እሱ ይሻላል፣ ፒጂው ለስለስ ይላል። የቱንም ብትገዙ ውሃው ፈልቶ ይፍሰስበት፣ አራት አምስት ደቂቃ ይቆይ፣ ወተቱ የፍሪጅ ወተት ይሁን፣ ካራክ ለሚባለው የዚህ አገር የወተት ሻይ ሚገባው የጣሳ ወተት አይሆንም። ቅርንፉድና ቀረፋ የኛ ነው፣ እዛ ውስጥ አታስገቡ።

ሶሴጅ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፍራንክፈርተር፣ ያ ሆት ዶግ ውስጥ ሚገባው ሶሴጅ፣ ተቀቅሎና ታጥኖ የመጣ ነው፣ የእንግሊዙ ግን ጥሬ ነው፣ ውስጡ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ ይገባበታል፣ ለዛ ነው ሲበላ ለስላሳ ሚሆነው። መቶ ፐርሰንት ሥጋ የሚለውን የተሻለ መስሏችሁ አትግዙ፣ እነሱ ሚፈልጉት እሱን አይደለም። በእንግሊዝ ሕግ የአሳማ ሶሴጅ ለመባል 42 ፐርሰንት የአሳማ ሥጋ ይበቃል። የአሳማው ዱባይ ሚሸጠው እንደነ ስፒኒስ ዓይነት ሱቅ ውስጥ ሙስሊም ላልሆኑ ተብሎ በተለየ ክፍል ነው፣ ጎረቤት ሻርጃ ግን አታገኙትም። አሳማ የማትነኩ ከሆነ ከመጀመሪያው ተናገሩ፣ እኔ ስናገር ማዳም የራሱ መጥበሻና የራሱ መቆንጠጫ ገዝታ እሷው ትጠብሳለች፣ እኔ የበሬውንና የዶሮውን እሠራለሁ። በትንሽ እሳት ሃያ ደቂቃ፣ በሹካ ሳይወጋ።

ቤከን ላይ የበሬው ከተርኪው ይበልጣል፣ ተርኪው ስብ ስለሌለው ይደርቃል ዘይት ይፈልጋል። ከአሳማው ከጠየቁ ባክ ቤከን በሉ፣ የወገቡ ሥጋ ነው፣ ስትሪኪ የሚባለው የሆዱ ነው።

ዮርክሻየር ፑዲንግ፣ ኦቭን ውስጥ ሚነፋው ጣፋጭ ያልሆነ የእንቁላልና የዱቄት ሊጥ፣ የተዘጋጀ ፍሮዝን አለ፣ እኔ ግን ብር ማባከን ነው ባይ ነኝ። እንቁላል፣ ፉርኖ ዱቄትና ወተት በአንድ ብርጭቆ እኩል እኩል ለክታችሁ በጥብጡ፣ ትንሽ ጨው፣ ግማሽ ሰዓት ይረፍ፣ የኬክ ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ዘይት ኦቭን ውስጥ እስኪጨስ ከጋለ በኋላ አፍስሱ፣ እስኪነሳ ድረስ በሩን አትክፈቱ። መጀመሪያ ሲነፋልኝ መሬት ቁጭ ብዬ በመስታወቱ ነበር ማየው።

በሊጥ ተነክሮ ተጠብሶ ከቺፕስ (ከድንች ጥብስ) ጋር ሚቀርበው ዓሣ ላይ ከማዳም ጋር አልተስማማንም፣ እሷ ኮድ የሚባለውን ዓሣ ፍሮዝኑን ትላለች፣ ለኔ ግን የዛን ቀን የወጣ ነጭ ዓሣ ከየትኛውም ፍሮዝን ይበልጣል፣ ሊጡ ውስጥ ከገባ የትኛው ዓሣ እንደሆነ አይታወቅም። አቼቶው ግን የግድ ከገብስ ብቅል የሚሠራው ቡናማው ይሁን፣ ነጩን ከደፋችሁበት ቺፕሱን ይተዉታል።

ማርማይት ከጠየቋችሁ ትንሿን 125 ግራም ውሰዱ፣ ከቢራ እርሾ ሚወጣ ጥቁር ነገር ነው፣ በጣም ጨዋማ፣ ቢ12 ስለተጨመረበት ለጿሚም ጥሩ ነው። በቢላ ጫፍ ብቻ፣ ዳቦው ገና ትኩስ እያለ።