ልጄ የወሰደችው የኮድ ዶት ኦርግ የሃይስኩል ኮርስ

አሜሪካ ውስጥ ቴነሲ ያላችሁ ወላጆች ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 ዘጠነኛ ክፍል ከገቡት ጀምሮ አንድ ዓመት ኮምፒውተር ሳይንስ ሳይማሩ ከሃይስኩል መመረቅ የለም። አርካንሳስም እ.ኤ.አ. በ2021 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታለች። እኛ ሜሪላንድ ያለን ግን ለመመረቅ የሚያስፈልገውን የቴክኖሎጂ ክሬዲት በሌላ ኮርስም ማሟላት ስለሚቻል ብዙ ልጅ ኮምፒውተር ሳይንስን ሳይነካው ያልፋል። «ልጄ ሐኪም ነው የምትሆነው፣ ኮዲንግ ምን ይሠራላታል?» የሚለው ወሬ ስለበዛ፣ ልጄ የወሰደችውን የኮድ ዶት ኦርግ (የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት በኢንተርኔት የሚያቀርብ ድርጅት ነው) «ኮምፒውተር ሳይንስ ፕሪንሲፕልስ» አብሬያት ካየሁ በኋላ የተሰማኝን ልንገራችሁ፤ እኔ እኛም ጋ ግዴታ ይሁን ባይ ነኝ።

ኮርሱ ነፃ ነው። የሚጫን ነገር የለውም፤ ክሮምቡክ ይበቃል።

በጣም የወደድኩት ስለ ፎቶ የሚያስተምረውን ክፍል ነው። ልጆቹ 0 እና 1 ብቻ እየጻፉ ሥዕል ይሠራሉ። 0 ጥቁር ነው፣ 1 ነጭ። የመጀመሪያዎቹ 8 አሃዞች የሥዕሉን ስፋት ይናገራሉ፣ ቀጣዮቹ 8 ቁመቱን፤ ስፋቱ ላይ አንዲት አሃዝ ከተሳሳተች መስመሩ ሁሉ ይንሸራተትና ሥዕሉ ብትንትኑ ይወጣል። ከዚያ ቀለም ይመጣል። ለአንድ ነጥብ 3 ቢት (ቢት ማለት አንድ 0 ወይም 1 ነው) ሲሰጡ 8 ቀለም ያገኛሉ፣ 24 ቢት ሲሰጡ ከ16 ሚሊዮን በላይ። ልጄ ይህን እንደጨረሰች ስልኬ በፎቶ ቶሎ የሚሞላው ለምን እንደሆነ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ሐኪም የምትሆነዋስ ልጅ ኮምፒውተር ላይ የምታየው የራጅ ምስል ከምን እንደተሠራ ማወቅ የለባትም? ግዴታ ይሁን የምለው ለዚህ ነው።

ፕሮግራም የሚጽፉበት አፕ ላብ ብሎክ እየጎተቱ ያስጀምራል፤ በፈለጉ ጊዜ ጃቫስክሪፕት ወደሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽሑፍ መቀየር ይቻላል። ለጀማሪ ጥሩ ነው። ጉድለቱም እዚያው ላይ ነው፤ መጎተት ስለሚቀል ልጁ አንድ መስመር በእጁ ሳይጽፍ ሩቅ ሊሄድ ይችላል፣ በሚቀጥለው ዓመት ጃቫ የሚባለው ሌላ ቋንቋ ሲመጣ ግን ይከብደዋል። ስለዚህ ገና ከጅምሩ ወደ ጽሑፉ ገፋ አድርጓቸው።

ሌላው፣ ይህ ልጅን ስክሪን ፊት አስቀምጦ የሚኬድበት ኮርስ አይደለም። መጀመሪያ አካባቢ ኩባያና ክር በመሳሰሉ ዕቃዎች መልእክት ማስተላለፊያ በቡድን የሚሠሩበት ትምህርት አለ፤ በሥራው ላይ የሚደረገውን ውይይት የሚመራ መምህር ከሌለ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። ግዴታ የሚያደርግ ክፍለ ሀገር መጀመሪያ መምህራኑን ያሠልጥን።

የኮሌጅ ክሬዲት ሊያስገኝ የሚችለውን የኤፒ ፈተና ለሚወስድ፣ ከውጤቱ 30 በመቶው ራሱ ከሚሠራው ፕሮጀክት ጋር የተያያዘ ነው፤ ለመጨረሻው ሳምንት እንዳያቆየው። ከመመዝገባችሁ በፊት የትምህርት ቤቱን አማካሪ (ካውንስለሩን) ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ኮርሱን ማን ያስተምራል? ለቴክኖሎጂ ክሬዲቱስ ይቆጠራል?