የሳምንት ቁጥር ከነዓመቱ፦ የፓይተኑ «አይሶካሌንደር» ሲገመገም

ከአንድ ቀን ተነስቶ የሳምንቱን ቁጥር ለማስላት እስካሁን ከተጠቀምኩባቸው መንገዶች ሁሉ አብልጬ የማምነው፣ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የቀን ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ውስጥ የሚገኘውን «አይሶካሌንደር» የተባለ ፈንክሽን ነው። የሳምንቱን ቁጥር ነጥሎ ከመስጠት ይልቅ ዓመቱን፣ ሳምንቱንና ዕለቱን አንድ ላይ ይመልሳል።

የዚህን ጥቅም የተረዳሁት ከተሳሳትኩ በኋላ ነው። ሳምንታዊ ሪፖርት የሚያወጣ ኮድ ስጽፍ ዓመቱን ከቀኑ ላይ፣ የሳምንቱን ቁጥር ደግሞ ከፈንክሽኑ ወስጄ አጣመርኳቸው፤ ለወራት እንከን ያልታየበት ሪፖርትም እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 2025 ላይ ሲደርስ፣ የዕለቱን መረጃ ወደ ኋላ ወስዶ ከ2025 የመጀመሪያ ሳምንት ጋር ደመረው። አይኤስኦ 8601 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ሳምንቱ ሰኞ እንዲጀምር፣ የዓመቱ የመጀመሪያ ሐሙስ የሚውልበት ሳምንትም አንደኛ ተብሎ እንዲቆጠር ይደነግጋል፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ሐሙስ ስለዋለ፣ ከእሱ በፊት ያለው ሰኞ፣ ማለትም ያ ዲሴምበር 29፣ የ2026 አንደኛ ሳምንት መነሻ ነበር። ዓርብ የሚውለው ጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ደግሞ በተቃራኒው የ2026 53ኛ ሳምንት ነው። ፈንክሽኑ ትክክለኛውን ዓመት አብሮ ሰጥቶኝ ሳለ አልተጠቀምኩበትም።

ቅር የሚያሰኘኝ በዙሪያው ያሉት መሣሪያዎች እኩል ጥንቃቄ የሌላቸው መሆኑ ነው። ቀንን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው «ስትርኤፍታይም» ተራውን ዓመት ከአይኤስኦው ሳምንት ጋር እንዲያጣምር ሲታዘዝ፣ ያን ዲሴምበር 29 «2025፣ ሳምንት 01» ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ይጽፈዋል፤ ጽሑፍን ወደ ቀን የሚመልሰው «ስትርፒታይም» ግን ያንኑ ጥምረት ሲያገኝ ስህተት መሆኑን ገልጾ ሥራውን ያቆማል። ይህ ጥበቃ ይበልጥ የሚያስፈልገው በመጻፉ በኩል ነበር፤ የተሳሳተው መረጃ ወደ ፋይል የሚገባው በዚያ ነውና።

በቆዩት የፓይተን ዕትሞች «አይሶካሌንደር» የሚመልሳቸው ሦስቱ ውጤቶች (ዓመቱ፣ ሳምንቱና ዕለቱ) በተራ ቁጥራቸው ብቻ ይጠሩ ስለነበር ኮዱን ለሌላ ሰው ማስነበብ ያስቸግር ነበር፤ ከ3.9 ወዲህ በስማቸው ይጠራሉ። ከሳምንት ቁጥር ወደ ቀን የሚመልሰው ተጓዳኝ ፈንክሽንም በ3.8 ተጨምሯል።

ሳምንቱን ከእሑድ ለሚቆጥር ሥራ ግን «አይሶካሌንደር» አይሆንም። በ«ስትርኤፍታይም» በኩል የሚገኘው የእሑድ አቆጣጠርም ከመጀመሪያው እሑድ በፊት ያሉትን ቀናት ሳምንት 00 ስለሚላቸው፣ የ2027 የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት የት እንደሚመድብ ፕሮግራመሩ ራሱ አስቀድሞ መወሰን አለበት።