የበቅሎ ዘንባባ በባሕር ዳር ግቢ፦ ሰባት ዓመት አሳድጌ ያየሁትን ልንገራችሁ

ዘንባባዬ አበበች! ባለፈው ሰኞ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ወደ ግቢው ቧንቧ ስወጣ ነው ያየሁት። ከታችኛው ቅጠል ብብት ብቅ ብሎ ሁለት ወር ያህል ዝም ብሎ የቆመ፣ እንጨት የመሰለ ዘንግ ነበር። በየቀኑ ስዳብሰው ከረምኩ። ሰኞ ዕለት ቁመቱን ተሰንጥቆ ጠበቀኝ። የተከፈተው ሽፋን ቁርጥ ታንኳ ነው፤ ጫፉ ሹል፣ ሆዱ ጎድጓዳ፣ ውስጡ ለስላሳ። ከውስጡ እንደ ዘርፍ የተንዠረገገ ክሬም ቢጫ አበባ ወጥቷል። ቡና ሳይፈላ ንቦቹ ደርሰውበት ነበር።

ይቺን ዘንባባ ከተከልኩ ሰባት ዓመቴ ነው። ጎረቤት ሁሉ «ምን ዓይነት ዘንባባ ናት? ከየት ገዛሃት? እኛም እንግዛ ወይ?» እያለ ሲጠይቀኝ «ትንሽ ልያት» እል ነበር። አሁን አይቻታለሁ። ስለ ዘንባባዋም ስለሸጡልኝ ሰውም ያለኝን ልንገራችሁ። የችግኝ ጣቢያውን ስም አልጠራም፤ ከምስጋናዬ ጋር አንድ ቅሬታም ስላለኝ።

መጀመሪያ ምንነቷን። ዲቃላ ናት። እናትየዋ ቡትያ የምትባል የደቡብ ብራዚልና የኡራጓይ ዘንባባ ናት፦ አጠር ያለች፣ ግንደ ወፍራም፣ ቅጠሏ ወደ ግራጫ የሚያደላ፣ ብርድ የምትችል፣ ግን ዕድገቷ ዝግ ያለ። አባትየው ንግሥት ዘንባባ የሚሉት ነው፤ እሱም የደቡብ አሜሪካ ነው፣ ረጅም፣ ቀጥ ያለና ፈጣን። ሁለቱን ያዳቀላቸው ፖል ናቦናንድ የሚባል ፈረንሳዊ አትክልተኛ ነው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ። ሳይንሳዊ ስሟም ቡትያግረስ ናቦናንዲ ሆኖ የቀረው በሱ ነው። ፈረንጆቹ ግን በተለምዶ የበቅሎ ዘንባባ ይሏታል። እኔም የምወደው ይሄንን ስም ነው፤ በቅሎ ምን እንደሆነች ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከሁለቱም ወላጆቿ ደህና ደህናውን ወስዳለች፣ መውለድ ግን የለም። ታብባለች፣ አንዳንዴ ፍሬ መሳይም ትይዛለች፣ ውስጡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። ዘር ሰብስቤ አፈላለሁ ያለ ሰው ከወዲሁ ሐሳቡን ይቀይር።

ዋጋዋ የከበደውም ለዚህ ነው። ከራሷ ዘር ስለማትባዛ ሰው በእጁ ማዳቀል አለበት። በእነዚህ ዘንባባዎች አንድ ዘለላ ላይ ወንዴውም ሴቴውም አበባ አብረው ነው የሚወጡት፣ ወንዴው ቀድሞ ይፈካል። አዳቃዩ የቡትያዋን ወንዴ አበቦች ሳይፈኩ አንድ በአንድ ለቅሞ ይጨርሳል፣ ዘለላውን በከረጢት ይሸፍናል፣ ከዚያ ሴቴዎቹ ሲደርሱ የንግሥት ዘንባባን ብናኝ ያለብሳቸዋል። ዘሩ ደግሞ ተዘርቶ ለመብቀል ወራት ይወስድበታል። ይሄን ሳውቅ ነው የዋጋው ነገር ከሆዴ የወጣልኝ።

የገዛሁት በእማዬ ምክንያት ነው። ከተማችን በዘንባባ ነው የምትታወቀው፣ መንገዱ ሁሉ ዘንባባ ነው፤ እማዬ ግን ሆሳዕና በመጣ ቁጥር «የሰው ደጅ ከምንለምን የራሳችን ዘንባባ በኖረን» ትል ነበር። የአገራችን ዘንባባ ከሥሩ ብዙ ሆኖ እየበቀለ ቦታ ይወስዳል፣ በቅጠሉ ግርጌ ያለው እሾህም መርፌ ነው። የእኛ ግቢ ጠባብ ነው፣ ልጆች ይሯሯጡበታል። ስለዚህ ፈጣን፣ ባለ አንድ ግንድና የማይዋጋ ፈለግሁ።

በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ወደ ሐይቁ ዳር መንገድ ወጥቼ ችግኝ የሚሸጡትን አንድ በአንድ ጠየቅሁ። አብዛኞቹ «ዘንባባ ዘንባባ ነው» ነው ያሉኝ። አንድ አዛውንት ግን ስለ ግቢዬ ጠየቁኝ፦ አፈሩ ምን ዓይነት ነው? ክረምት ውሃ ይተኛበታል? የመብራት ሽቦ በላዩ ያልፋል? ከዚያ ጉልበት የሚያክሉ ሁለት ችግኞች አወጡ። የአንዱ ዋጋ 1200 ብር።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ብር ለአንድ ዘንባባ?»

«ልጄ፣ ፍሬ አትሰጥህም፣ እሱን ቀድሜ ልንገርህ። ግን አታስጠብቅህም። አበባዋን እናትህ ታየዋለች።»

ላስቲኩን በጎን ቀደድ አድርገው ሥሩን አሳዩኝ፤ ነጭና ጤነኛ ነበር፣ ላስቲኩ ውስጥ ዞሮ አልተጠማዘዘም። ያለኝን ብር አራግፌ ሁለቱንም ገዛሁ። እንዲህ አድርጎ ሥር የሚያሳይ ሻጭ ከዚያ ወዲህ አላጋጠመኝም፣ ለዚህ ብቻ እንኳን ምስጋና ይገባቸዋል።

አሁን ቅሬታዬ። ከሁለቱ አንዷ ዲቃላ አልነበረችም። ትንንሽ ሆነው ሁለቱም ቅጠላቸው ያልተሰነጠቀ ሰፊ ሪባን ስለሚመስል መለየት ከባድ ነው። በሦስተኛው ዓመት ቅጠላቸው እንደ ላባ መበጣጠስ ሲጀምር ነው ልዩነቱ የወጣው። የአንዷ ቅጠል ወደ ግራጫ አረንጓዴ ሄደ፣ ጠንከር ብሎ ወደ ታች ቀስት ሠራ። የሌላዋ ብሩህ አረንጓዴ ሆነ፣ እንደ ፀጉር ተንጨፍርሮ ወደቀ። ሁለተኛዋ ተራ ንግሥት ዘንባባ ነበረች። ፎቶ አንስቼ ለጋሼ ወሰድኩላቸው። አልተቆጡም፣ አልካዱም። ለረጅም ጊዜ ፎቶውን አይተው «እውነትህን ነው፣ ከዘሩ ጋር ተቀላቅሎ መጥቷል» ብለው ግማሹን ብር መለሱልኝ። ግማሹን ብቻ መሆኑ አሁንም ቅር ይለኛል፤ ሦስት ዓመት ውሃ ያጠጣሁት ለሌላ ነገር ነበርና። ለእናንተ የምመክረው፣ ትንሽ ብር ጨምራችሁም ቢሆን ቅጠሉ መበጣጠስ የጀመረ ችግኝ ግዙ። ያኔ ዓይናችሁ ይለያል።

አተካከሉ ላይ ራሴ ያጠፋሁትም አለ። ክረምቱ ለኛ አገር እንደምታውቁት ከሰኔ እስከ መስከረም ዶፍ ነው፣ የእኛ ሰፈር አፈር ደግሞ ዋልካ ነው፣ ውሃ ይይዛል። ጋሼ «ጉድጓዱን አታጥልቅ፣ አፈሩን ከፍ አድርገህ ጉብታ ላይ ትከላት፣ አንገቷን አትቅበር» ብለውኝ ስለነበር እንደዚያው አደረግሁ፣ ውሃውም አልተኛባትም። ግን ቦታውን ሳልመርጥ ቀረሁ። ቤቱ ሲሠራ ሲሚንቶና ኖራ ሲቦካበት የነበረው ጥግ ላይ ነበር የተከልኳት። በዚያ ላይ እማዬ በየሳምንቱ የምድጃ አመድ ታፈስላታለች። በሁለተኛው ዓመት አዲስ የሚወጣው ቅጠል እሳት የላሰው መስሎ፣ ተጨማድዶና ጫፉ ደርቆ መውጣት ጀመረ። በሽታ መስሎኝ መድኃኒት ልረጭ ነበር።

ለካስ በሽታ አይደለም፣ የማንጋኒዝ እጥረት ነው፤ ማንጋኒዝ ተክል በትንሹ የሚፈልገው ማዕድን ነው። ንግሥት ዘንባባንና ዘመዶቿን ይሄ ችግር ቶሎ ይይዛቸዋል። ኖራም አመድም የአፈሩን አሲዳማነት ይቀንሱታል፣ ያኔ ማንጋኒዙ አፈሩ ውስጥ ቢኖርም እንኳን ሥሩ ሊወስደው አይችልም። ስለዚህ የሲሚንቶውን ፍርስራሽ ዙሪያዋን ቆፍሬ አወጣሁ፣ አመዱን አስቆምኩ፣ በቦታው የበሰበሰ ፍግና ቅጠል ሞላሁ፣ አዲስ አበባ ያለ ወንድሜም ማንጋኒዝ ሰልፌት ገዝቶ ላከልኝ። የተበላሸው ቅጠል አይድንም፣ ያንን አትጠብቁ። ቀጥሎ የሚወጣውን ነው የምታዩት። አራተኛው አዲስ ቅጠል ደህና ሆኖ ሲወጣ እማዬ እልል አለች፤ እውነቴን ነው፣ ግቢው መሃል ቆማ እልል አለች።

ከዚያ በኋላ ግን ሩጫ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ዝም አለች፣ ሥር እየሰደደች ነበር። ከሦስተኛው ዓመት ወዲህ ግን አንዱ ቅጠል ሳይዘረጋ ሌላው ገና ያልተከፈተ ቅጠል እንደ ጦር ከመሃል ብቅ ይላል። አሁን ግንዷ ደረቴ ላይ ደርሷል፣ ቅጠሎቿ ከቤቱ ቆርቆሮ በላይ ወጥተዋል። ንግሥቲቱ በቁመት ትበልጣታለች፣ ግን ቀጭን ናት፣ ነፋስ ከሐይቁ ሲነሳ ቅጠሏ ይቀዳደዳል። በቅሎዋ አትነቃነቅም። ስለ ብርድ የሚወራላት ነገር ለእኛ አይጠቅመንም፤ በውጭ አገር የሚወዷት በረዶ የሚጥልበት ቦታ ላይ ስለምትቆም ነው፣ ባሕር ዳር ደግሞ በ1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆና በታኅሣሥ ሌሊት እንኳን ቀዝቀዝ ቢላት ነው። ባሕር ዳር ላይ ብራችሁን የምትከፍሉት ለፍጥነቷና ለመልኳ ነው።

ውሃ በበጋ ትወዳለች። ከኅዳር እስከ ግንቦት በሳምንት ሁለቴ ሁለት ጀሪካን እሰጣታለሁ። ውሃ የሚጠፋበት ሰፈር ያላችሁ ይሄን አስቡበት። ፍግ በዓመት ሁለቴ፣ ከግንዱ ራቅ አድርጌ። ቅጠሏን እስኪደርቅ አልቆርጥም፤ ዘንባባ ፖታስየም የሚባለው ማዕድን ሲያጥረው ከታችኛው አሮጌ ቅጠል እየሳበ ለአዲሱ ይሰጣል፣ ቢጫ ነጠብጣብ ያያችሁበትን ቅጠል «ለማሳመር» ብላችሁ ብትቆርጡት ችግሩ ወደ ቀጣዩ ቅጠል ይወጣል። ከአናቷ ያለውን እምቡጥ ደግሞ ማንም እንዳይነካ። ቅርንጫፍ የላትም፣ ሌላ ቡቃያ የላትም። እሱ ከሞተ ዛፏ ሞተች።

ስለ ግምብ አጥር የሚጨነቅ ጎረቤት አለኝ። የዘንባባ ሥር እንደ ዋርካ ሥር አይወፍርም፣ ቀጫጭን ሆኖ ብዙ ነው፣ ስለዚህ ግምብ ይሰነጥቃል ብላችሁ አትፍሩ። ቅጠሉ ግን ሦስት ሜትር ይደርሳልና ከግድግዳም ከመብራት ሽቦም ሦስት ሜትር ያህል አርቁት። እኔ ሁለት ሜትር ነው የተውኩላት፣ አሁን በመስኮቱ በኩል ያለው ቅጠል በነፋስ ጊዜ መስታወቱን እየጠረገ ሌሊት ይቀሰቅሰናል።

ያላሰብኩት ነገር ወፎቹ ናቸው። ቢጫዎቹ ጎጆ ሠሪዎች ክረምት ሲገባ ይመጡና የቅጠሉን ጠርዝ በአፋቸው ነክሰው፣ እየበረሩ እንደ ክር ይተለትሉታል። አንድ ቅጠል በሁለት ቀን አጥንቱ ብቻ ይቀራል። እማዬ እንዳላባርራቸው ከልክላኛለች። በዓመት ሁለት ሦስት ቅጠል ይወስዳሉ፣ ዛፏም አልተጎዳችም፣ ስለዚህ ተስማምተናል።

ለማን ይሁን? ጥላና መልክ የሚፈልግ፣ ቢያንስ ስድስት ሜትር በስድስት ሜትር ክፍት ቦታ ያለው፣ በበጋ ውሃ የማያጣ ሰው ይግዛት፣ ዋጋዋን ታወጣለች። ፍሬ የሚፈልግ ማንጎ ወይም አቮካዶ ይትከል፣ ለዚያ ባሕር ዳር ገነት ናት። ግቢው ውስጥ ክረምት ውሃ የሚተኛበት ደግሞ ጉብታ ሳይሠራ እንዳይሞክር። ችግኝ ጣቢያውን ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት በግማሹ ብር ነው። ዘንባባዋን ሙሉ አምስት።

ባለፈው ዓመት ሆሳዕና እማዬ ራሷ አንድ የታች ቅጠል አስቆርጣ በረንዳ ላይ ተቀመጠች። ቅጠሉ ስስና ለስላሳ ስለሆነ በጥፍሯ ሰንጥቃ ቀለበትና መስቀል ትሠራበታለች፣ እንደ አገሩ ዘንባባ አይሰበርባትም። ለእኛ ሠርታ ለጎረቤት ልጆች ሁሉ አዳረሰች። ትናንት ማታ ደግሞ በባትሪ እያበራች ጠራችኝ። ከወዲያኛው ቅጠል ብብት ሁለተኛው ዘንግ ብቅ ብሏል፣ ገና ጣት ነው የሚያክለው።